የቆጋ የበጋ ስንዴ፦ ውኃው አለ፣ ጉልበቱና ዋጉስ?

የመርዓዊ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

ወላጆቼ መርዓዊ አጠገብ ባለው ቆጋ መስኖ ሥር ማሳ አላቸው። ክረምት በቆሎ ነው። በጋ ላይ እስካሁን ድንችና ሽንኩርት እያፈራረቁ ቆይተዋል። ዘንድሮ ጎረቤቶቻቸው በኩታ ገጠም፣ ማለትም ማሳቸውን አያይዘው፣ ስንዴ ሊዘሩ ተስማምተዋል። አባቴም «ሁሉም ስንዴ ሲዘራ እኔ ብቻዬን መሃል ላይ ሽንኩርት ልተክል ነው?» ይላል። እውነቱን ነው። ትራክተሩም፣ ምርጥ ዘሩም፣ ኮምባይነሩም የሚመጣው ለኩታ ገጠሙ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ የሰው ጉዳይ ነው። አባቴ ደክሟል። ልጆቹ ከተማ ገብተናል፣ ቤት የቀረው አንድ ታናሽ ወንድማችን ብቻ ነው። እሱም ጥቅምት ላይ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ይወርዳል። በቆሎው የሚሰበሰበውና ስንዴው የሚዘራው ደግሞ ልክ በዚያ ሰሞን ነው። ሁለተኛው ጭንቀቴ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ነው። በጋም ክረምትም ስንዴ ከተዘራ በሽታው መቼ ያርፋል? የምታውቁ ንገሩኝ።

አዴት ሰፈር፦
ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። እኔ የስንዴ ዘር ብዜት ላይ ስለምሠራ ከቀኑ ልጀምር።

የበጋ ስንዴ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ በመዘራቱ ነው። ኅዳር ውስጥ ከገባ አበባውና ፍሬ ሙላቱ ቀዝቀዝ ባለው ወቅት ያልፋል። ታኅሣሥ መጨረሻ ከተዘራ ግን ፍሬ የሚሞላው የመጋቢት ፀሐይ ላይ ነው። ያኔ ፍሬው ሳይሞላ ይጨማደዳል፣ ኩንታሉ ይቀንሳል። ከዚያም በላይ አጨዳው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ከሚመጣው ዝናብ ጋር ይገጥማል።

ስለዚህ የበጋው ስንዴ ዕጣ የሚወሰነው ገና ግንቦት ላይ የበቆሎ ዘር ሲመረጥ ነው። ቢኤች 660 ጥሩ ምርት ይሰጣል፣ ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ቢኤች 540 ይቀድመዋል። ክረምቱን ዘግይቶ የሚደርስ በቆሎ የዘራ ሰው በኅዳር መሬቱ አይለቀቅለትም። ይህን ለገበሬው የሚነግረው ሰው አላየሁም። የበቆሎው ባለሙያ ስለ በቆሎ ብቻ ያወራል፣ የስንዴው ባለሙያ ስለ ስንዴ ብቻ። መሬቱ ግን አንድ ነው፣ ገበሬውም አንድ ሰው ነው።

የመርዓዊ ልጅ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። አባቴ ዘንድሮ የዘራው የትኛውን እንደሆነ ዛሬውኑ ደውዬ እጠይቃለሁ።

ከአሰላ ማዶ፦
ስለ ዋግ እኔ ልመልስ። ያደግሁት አርሲ ነው፣ ኩሉምሳ ምርምር ማዕከል ለቤታችን ሩቅ አይደለም። ዋግን በመጽሐፍ አይደለም ያወቅሁት።

እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ሲመጣ ኩብሳና ገለማ የሚባሉት ዝርያዎች ነበሩ ማሳውን የሞሉት። ዝናቡ ረጅም ነበር፣ አየሩም ቀዝቃዛ። ቢጫ ዋግ የሚወደው ይህንኑ ነው። ሁለቱም ዝርያዎች ተመቱ። ከዚያ ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ወደ ዲገሉ ዞረ። ዲገሉ በጣም ተወደደ። ብዙም አልቆየም፣ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ባሌና አርሲ ላይ አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ ተነሣና ዲገሉን ለይቶ መታው። ማሳ ውስጥ ገብተን ስንወጣ ሱሪያችን በቀይ ዱቄት ይሞላ ነበር። አገዳው ይሰበራል። ተወቅቶ የሚገኘው ፍሬ ቆርቋዳ ነው፣ ለዶሮም አይሆን።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። አንድ ዝርያ ብቻ አገር ሲሞላ ዋጉ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ማግኘት ያለበት። ኩታ ገጠም ማለት ደግሞ አንድ ዝርያ በሰፊ መሬት ላይ ማለት ነው።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። የዋግ ብናኝ ሕይወት ያለው ተክል ይፈልጋል። ደረቅ ገለባ ላይ አይከርምም። ድሮ በደጋው ስንዴ ታኅሣሥ ላይ ታጭዶ ካለቀ በኋላ ዋጉ የሚጠለልበት ይጠበው ነበር። ሳይዘራ የሚበቅለው ገቦና አንዳንድ የሣር ዓይነቶች ብቻ ይቀሩታል። አሁን ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ ሰፊ ስንዴ አለ። ክረምቱ ሲገባ ዋጉ ከሩቅ መምጣት አይጠበቅበትም፣ አጠገብ አለ። ባሌን ተመልከቱ። እዚያ በበልግም በመኸርም ስንዴ ይዘራል። ዋግ ከባሌ ጠፍቶ አያውቅም።

አዴት ሰፈር፦
ከአሰላ ማዶ ያሉት ትልቅ ነገር ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ዋግ ቅጠል ላይ እንዲበቅል ለሰዓታት የቆየ እርጥበት ይፈልጋል። በቦይ ስናጠጣ ውኃው በመሬት ነው የሚሄደው፣ ቅጠሉን አያረጥበውም። በጋው ደረቅ ነው። ስለዚህ በቆጋ በጋ ላይ ዋግ እንደ ክረምቱ አይበረታም።

ከአሰላ ማዶ፦
እውነት ነው፣ አይበረታም። ግን እንዲበረታ አያስፈልገውም። በጋውን በትንሹ ከተሻገረ ይበቃዋል። ደግሞ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለና ብዙ ዩሪያ የጠገበ ስንዴ ማታ ጤዛ ይይዛል። ጠዋት ማሳ ውስጥ ግባና ጫማህን እየው።

መስኖ ስንዴ አይዘራ እያልኩ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱብኝ። አገሪቱ ለስንዴ ግዢ ያወጣችውን የውጭ ምንዛሪ ሁላችንም እናውቃለን። የምለው፣ በጋ ላይ የሚዘራውና ክረምት ላይ የሚዘራው ዝርያ አንድ አይሁን። የሚቋቋሙበት ዘረመል የተለያየ ይሁን። በመሃሉ ገቦው ታርሶ ይጥፋ። ይህ ደግሞ በአንድ ገበሬ አይሆንም፣ ወረዳውና ምርምሩ አብረው ካልወሰኑት ዋጋ የለውም።

አንድ መልካም ዜና ግን አለ። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከሲሚት (ከዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል)፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከእንግሊዝ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ጋር የሚሠራው የዋግ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አለ። የማሳ አሰሳውን መረጃ ከነፋስና ከእርጥበት ትንበያ ጋር አገናኝቶ በሚቀጥሉት ቀናት ብናኙ ወዴት እንደሚሄድ ይገምታል። ማርፕል የሚባል በሻንጣ የሚያዝ መመርመሪያም መጥቷል። ድሮ ናሙና ወደ ውጭ ተልኮ ውጤት እስኪመጣ ወራት ይወስድ ነበር፣ ያኔ አዝመራው አልቋል። አሁን እዚሁ በቀናት ውስጥ የቢጫ ዋጉ ዓይነት ይለያል። ለእኔ ከብዙ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ይህ ይበልጥብኛል።

እናት ጓዳ፦
ወንድሞቼ፣ ስለ ዝርያና ስለ ዋግ ያላችሁት ሁሉ ጥሩ ነው። ልጁ ግን መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ጉልበት ነው። አንዳችሁም አልመለሳችሁለትም።

እኔ ዳንግላ አካባቢ ነኝ፣ ባለቤቴና እኔ አራት ልጆች ይዘን የምንኖረው ከእርሻ ነው። አንድ አዲስ ነገር ሲመጣ ምርቱ በሄክታር ስንት እንደሚጨምር ይነገረናል። ሥራውን ማን እንደሚሠራው አይነገረንም። ጤፍ በመስመር ዝሩ የተባልንበትን ዘመን አስታውሳለሁ። ቁንጮ የሚባለው ከደብረ ዘይት የወጣው ዝርያ በጣም ጥሩ ነው፣ አሁንም እወደዋለሁ። በመስመር ሲዘራ ግን ያን ሁሉ መስመር ጎንበስ ብሎ የሚያወጣው ማነው? ጤፍ እንደ አሸዋ ደቃቅ ነው። በአውዳመት ሰሞን እንኳ ያን ያህል አልደከምኩም። ዘሩ ያንሳል፣ አይጋሽብም፣ አረሙን ማውጣት ይቀላል፣ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ሰው ይበላል። ብዙው ገበሬ ቀስ ብሎ ወደ ብተና የተመለሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

የበጋ ስንዴም ላይ ይህን ጠይቁ። ከብት ስንዴው ውስጥ እንዳይገባ ማን ይጠብቃል? ድሮ በጋ ላይ ከብቱ በአዝመራው ቃርሚያ ይለቀቅ ነበር። አሁን ዙሪያው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ከብት ጠባቂው ልጅ ትምህርት ቤት ነው፣ መሆንም ያለበት እዚያ ነው። ለቀን ሠራተኛ እንጀራ የሚጋግረው፣ ጠላ የሚጠምቀው፣ ውኃ የሚቀዳው ማነው? እናትህ ስንት ዓመታቸው ነው ልጄ? አባትህ ደክሟል ብለህ ጻፍክ፣ እናትህን ግን አላነሳህም።

የመርዓዊ ልጅ፦
እትዬ፣ ስለ እናቴ ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ። እናቴ ከአባቴ በጥቂት ዓመት ብታንስ ነው። ሽንኩርቱን የሚያርመው በአብዛኛው እሷና ጎረቤት ሴቶች በወንፈል ነው። ዛሬ ስደውል እሷንም አነጋግራለሁ።

አዴት ሰፈር፦
እናት ጓዳ ያነሡት ነጥብ በጥናትም የታየ ነው። የጤፍ በመስመር መዝራት ላይ የተሠራ ጥናት መሬቱ የሚሰጠው ምርት እንደሚጨምር፣ አንድ ሰው በቀን ሠርቶ የሚያገኘው ግን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጥናቱ ተጽፎ ቀረ፣ ምክሩ ግን እንዳለ ቀጠለ።

ለበጋው ስንዴ ግን አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ከሽንኩርት ጋር ሲወዳደር ስንዴ በጣም ጥቂት ሰው ነው የሚፈልገው። ሽንኩርት ችግኝ ማፍላት አለው፣ መትከል አለው፣ ደጋግሞ መኮትኮትና ማረም አለው፣ ነቅሎ መቁረጥ አለው። ስንዴ ላይ ሰው የሚበዛው ዘርና አጨዳ ላይ ነው፣ መሃሉ ማጠጣትና አረም ነው። ሲናርና ሙጃ የበዛበት ማሳ ላይ የሣር አረም መድኃኒት በወቅቱ ከተረጨ የእጅ አረሙ ይቀላል። ዋናው ኮምባይነሩ ነው። ቆጋ ላይ ማሳው ትንንሽ ነው፣ በየመሃሉ ቦይ አለ። ኮምባይነር ቦይ እየዘለለ አይሄድም። ኩታ ገጠሙ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፣ የተያያዘ መሬት ካልተዘጋጀ በእጅ ማጨድ ግድ ይሆናል።

የውኃ ተራ፦
እኔ የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ውስጥ ስላገለገልኩ ስለ ውኃው ትንሽ ልበል። ርዕሱ ላይ «ውኃው አለ» ብለሃል። በጠቅላላው አዎ፣ በእያንዳንዱ ማሳ ግን አይደለም።

ለማያውቁት፣ የቆጋ ግድብ የታሰበው 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ ነው። የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬዎች አሉት። ውኃው ሌሊት ከዋናው ቦይ ወደ ኩሬዎቹ ይገባል፣ ቀን ላይ ገበሬው ከኩሬው ያጠጣል። ማንም ሌሊት በጨለማ እንዳያጠጣ የታሰበ ነው፣ በጣም ጥሩ አሠራር ነው። ጉልበትን ያሰበ መሐንዲስ ነው የሠራው እላለሁ።

ችግሩ ታች ነው። በአፈር የተሠሩት ትንንሾቹ ቦዮች ይሰነጠቃሉ፣ ደለል ይሞላሉ። መዝጊያዎቹ ተሰብረው በድንጋይና በጨርቅ የሚዘጉ አሉ። ከላይ ያለው ገበሬ ተራው ሲደርስ «ሳምንት ስለማላገኝ» ብሎ ውኃው ማሳው ላይ እስኪተኛ ያጠጣል። ከታች ያለው ይጠብቃል። ስንዴ ሲያብብ አንድ ተራ ካመለጠው ምርቱ ላይ ይታያል። ቦይ ጠረጋውም ጉልበት ነው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ሁሉም ወጥቶ መጥረግ አለበት። ሰው ከሌለህ በገንዘብ ትተካለህ። የወላጆችህ ማሳ ከቦዩ ራስ ነው ወይስ ከግርጌ? ለእኔ ከዝርያው በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው።

የመርዓዊ ልጅ፦
ከመሃል ዝቅ ብሎ ነው። ሁልጊዜ ቅሬታ ይሰማል። ገበሬው መጠኑን እንዲያውቅ የሚረዳ መሣሪያ ቆጋ ላይ ተሞክሮ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ፣ የሚያውቅ አለ?

የውኃ ተራ፦
አዎ፣ አይቼዋለሁ። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የሠሩት ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የዓለም አቀፉ የውኃ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ሰዎች እዚህ አምጥተው ከገበሬ ጋር ሞክረውታል።

ከላይ አፉ ሰፊ ሆኖ ወደ ታች የሚጠብ ነገር ነው፣ መሬት ውስጥ ይቀበራል። ሁለት ናቸው፣ አንዱ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው ወደ 40 ሳንቲ ሜትር። ውኃው ሰርጎ እዚያ ሲደርስ በውስጡ ይጠራቀማል፣ ከላይ ያለችው ምልክት ብቅ ትላለች። የላይኛው ምልክት ብቅ ካለ ሥሩ ጠጥቷል፣ በቃ ዝጋ። የታችኛውም ብቅ ካለ ውኃው ከሥር በታች እየሄደ ነው፣ ማዳበሪያህንም ይዞት ይሄዳል። ሁለቱም ካልወጡ አልደረሰም ማለት ነው።

ባትሪ የለው፣ ፊደል አይጠይቅ። ገበሬው ዓይኑ አይቶ ያምናል። ደስ ያለኝ እሱ ነው። ቀድሞ የዘጋ ሰው ውኃውን ለታችኛው ይለቅቃል፣ ለራሱም ቆሞ የሚያጠጣበት ሰዓት ያጥርለታል። ግን መሣሪያው በየሱቁ አይሸጥም። ሙከራው ሲያበቃ ብዙው እዚያው ቀረ። ይህ ያናድደኛል፣ አልደብቅም። ጥናቱ ሲያልቅ ገበሬው ነገሩን ከየት ይግዛ?

አዋሽ ዳር፦
እኔ ደግሞ ከአፋር ነኝ፣ አሚባራ። ሰፊው የቆላ መስኖ ስንዴ ሲጀመር በዓይኔ አይቻለሁ። ወረር ምርምር ማዕከል ሙቀት የሚችሉ ዝርያዎች አውጥቷል፣ ጋምቦ፣ ፈንታሌ፣ አሚባራ የሚባሉ። ሥራው በጣም የሚያኮራ ነው።

ቆጋ ያላችሁ ሰዎች የእኛን ጨው እንድታዩ እፈልጋለሁ። መልካ ሳዲ ላይ ለጥጥ ሲባል ለብዙ ዓመታት ያለ በቂ የትርፍ ውኃ ማንጠፈፊያ ሲጠጣ የኖረ መሬት አለ። የከርሰ ምድር ውኃው ወደ ላይ መጣ፣ ጨው ይዞ። መሬቱ ነጭ ሆነ፣ ተተወ። የተተወውን ደግሞ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም መጤ ዛፍ ወረሰው። እናንተ ዘንድ ዝናብ ስላለ ጨዉ ያን ያህል አያሰጋም። ግን አብዝቶ ማጠጣት የትም ቦታ ዋጋ ያስከፍላል።

ሌላው ግሪሳ ወፍ ነው። በዙሪያው ሁሉ ደርቆ ስንዴው ብቻ ፍሬ ሲይዝ ወፉ ሁሉ እዚያ ይመጣል። ማማ ሠርቶ፣ ወንጭፍ ይዞ ከንጋት እስከ ምሽት የሚጮህ ሰው ያስፈልጋል። ይህም የጉልበቱ ሒሳብ ውስጥ ይግባ።

ቀይ አፈር፦
ማንም ያላነሳውን ላንሣ። ቆጋ ባለበት በመጫ አካባቢ አፈሩ አሲዳማ ነው። ጤፍ ይታገሠዋል፣ ስንዴ ግን አይችለውም። አሲድ ሲበዛ አሉሚኒየም ይሟሟና የስንዴውን ሥር ያሳጥረዋል። ሥሩ ያጠረ ስንዴ ውኃ ቢሰጡትም ይጠማዋል፣ ማዳበሪያ ቢሰጡትም ቢጫ ይሆናል። ያኔ ገበሬው በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ይረጫል። ከዘር በፊት አፈሩ ይመርመር። ኖራ የሚያስፈልግ ከሆነ በሄክታር ብዙ ኩንታል ነው፣ ከመንገድ እስከ ማሳ መሸከሙ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። ቀድሞ መታቀድ አለበት።

የወንበርማ በቆሎ፦
ስለ ዋግ የተባለው በተምችም ልክ ነው። መጤው የአሜሪካ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ በደቡብ ምዕራብ በኩል ገብቶ በዚያው ዓመት እኛም ዘንድ ደረሰ። መስኖ ያለበት ቦታ በጋ ላይ በቆሎ የዘሩ ሰዎች አሉ። ተምቹ እዚያ ይከርምና ክረምት ላይ ወደ እኛ ይመጣል። እኛ ስንለቅመው የከረምነው በእጅ ነው። ጠዋትና ማታ፣ ሴቱ፣ ወንዱ፣ ልጁ። እንቡጡ ውስጥ ተደብቆ ስለሚበላ መድኃኒት ቢረጭም ሁልጊዜ አያገኘውም። የመስኖ ባለሙያዎች ሲያቅዱ ከቦዩ ማዶ ያለነውንም ያስቡ።

የመርዓዊ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ደወልኩ።

የተዘራው በቆሎ ቢኤች 540 ነው፣ ስለዚህ መሬቱ በጊዜ ይለቀቃል። እናቴ ያለችው ግን ከሁሉም ያመዘነብኝ ነው። «ሽንኩርቱን ተዉልኝ፣ ወገቤ አልቻለም። ድንቹን ግን አልተውም፣ ለቤትም ለዘርም ነው» አለች። ሽንኩርት ላይ ዋናውን ሥራ የሠራችው እሷ እንደነበረች አባቴም አልካደም።

ስለዚህ ሰፊውን ማሳ ከኩታ ገጠሙ ጋር ስንዴ እናደርገዋለን። ለቤት ቅርብ የሆነውና ውኃ ቶሎ የሚደርሰው ትንሽ ማሳ ድንች ይሆናል። ወንድሜ መተማ እንዳይወርድ ለምነነዋል። ከድንቹ ሽያጭ ድርሻ እንዲኖረው አባቴ ቃል ገብቶለታል። አፈሩን ለማስመርመር ናሙና ወስዶ ወረዳ ይሄዳል። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ኩታ ገጠሙ ካካባ ሊዘራ ነው ይላሉ። ይሻላል?

ከአሰላ ማዶ፦
ካካባ ቶሎ የሚደርስ ጥሩ ዝርያ ነበር፣ ኩሉምሳ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው ያወጣው። ግን ለቢጫ ዋግ ተጋላጭ ሆኗል። አማራጭ ካለ ከእሱ በኋላ የወጣ ይሻላል። ዘሩ ከሌለና እሱኑ ከዘራችሁ፣ ወንድምህ ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ በየሳምንቱ ማሳው መሃል ይግባ። ዳር ላይ ቆሞ አይይ። በቅጠሉ ላይ በመስመር የተደረደረ ቢጫ ዱቄት ካየ በዚያው ቀን ለልማት ሠራተኛው ይንገር። የፀረ ዋግ መድኃኒት የሚሠራው መጀመሪያ ላይ ነው። ማሳው ቢጫ ከሆነ በኋላ መርጨት ገንዘብ መጣል ነው።

እናት ጓዳ፦
እናትህን ጠይቀህ ስለወሰንክ ደስ ብሎኛል። ረጪው ደግሞ ወንድምህ ከሆነ አፉንና አፍንጫውን ይሸፍን፣ ነፋስ ፊት ለፊቱ ሲሆን አይርጭ። የመድኃኒቱን ዕቃ ቤት አታስገቡ፣ ውኃም አትቅዱበት።

አዴት ሰፈር፦
የመጨረሻ ምክር ስለ ዘሩ። ከማኅበሩም ከጎረቤትም ብታገኙት መጀመሪያ ሞክሩት። 100 ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉና ቤት ውስጥ አስቀምጡ። ጨርቁ እንዳይደርቅ ውኃ አርከፍክፉበት። ከሳምንት በኋላ የበቀለውን ቁጠሩ። ከ85 በታች ከሆነ ዘሩን መልሱ፣ የሚቀይር ካልተገኘ መጠኑን ጨምሩ። ይህን አሁኑኑ ጥቅምት ላይ አድርጉት፣ ኅዳር ከገባ በኋላ ሌላ ዘር ለመፈለግ ጊዜ የለም። ውጤቱን እዚህ ጻፍልን፣ የመዝሪያውን መጠን አብረን እናሰላዋለን።